አራት ሰዓትን ያልተናገረው ማሽን

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ «አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ጠፋ» የሚል ጥሪ ደረሰን። ሳጅን ባጫ ወዲያው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ የመጀመሪያ ጥያቄውን ጻፈ፦ የጭነት መኪናው ታርጋ ስንት ነው?

መኪና የለም። መደርደሪያም የለም። ቦታው ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ናት። በሯ ላይ «የድምፅ ቤተ መጻሕፍት» ይላል። በጎ ፈቃደኞች እየመጡ መጽሐፍ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ድምፃቸው ይቀዳል፤ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ደግሞ እየመጡ ያዳምጣሉ። የአሥራ አራት ዓመት ንባብ የተቀመጠው ጠረጴዛ ሥር በቆመች አንዲት ጥቁር ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሯ አለች፤ መብራቷም ይበራል። መጻሕፍቱ ግን የሉም።

ነጅማ ሁመድ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌባና አጭበርባሪ ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ከኮምፒውተር ጋር ያለኝ ዝምድና ሪፖርት መጻፍና ሪፖርቱ ሲጠፋብኝ ባጫን መጥራት ነው። ስለዚህ በዚያች ክፍል ውስጥ ስቆም ሬሳ የሌለበት ግድያ ያየሁ ያህል ግራ ገባኝ።

«አንድ ተማሪ ለነገ ፈተና የሚያዳምጠው መጽሐፍ ፈልጎ መጣ» አሉኝ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኣክበረት። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ደጋግመው የሚያስተካክሉ ሴት ናቸው። «ዝርዝሩን ልክፈት ብል ዝርዝር የለም። የመጻሕፍቱ ፕሮግራም ራሱ የለም። ተጠርጎ ወጥቷል።»

«ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የለም?»

«ቅጂ የምንይዝበት ዲስክ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አዲስ እስኪፈቀድልን እየጠበቅን ነበር።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሃይልኣብ የሚባል ቴክኒሻን አለን። በወሩ መጨረሻ ሥራ ሊለቅ ነው። ትናንት በዚሁ በዲስኩ ነገር ተጨቃጨቅን። ‹አንድ ቀን ይኼ ሁሉ በአንድ ጠዋት ድራሹ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ታስታውሱኛላችሁ› ብሎኝ ወጣ። እትዬ ሸዋዓለም ምስክሬ ናቸው።»

እትዬ ሸዋዓለም ጥግ ላይ ተቀምጠው ወፍራም ወረቀት በወስፌ መሰል ብረት ይበሳሉ። ሃምሳውን አልፈዋል። ዓይነ ስውር ናቸው፤ የመጻሕፍቱን መዝገብ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው።

«ብሏል» አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ግን በር አልደበደበም። እንባ እንባ እያለው ነው የወጣው። ድምፁን እኔ አውቀዋለሁ።»

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ማሽኗ የምትሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው አለኝ። እዚያ ላይ ፕሮግራም ፓኬጅ በሚባል ጥቅል በጥቅሉ ይጫናል፣ በፓኬጅ በፓኬጅ ይነሣል፤ ማን መቼ ምን እንዳነሣም ማሽኗ ራሷ መዝግባ ትይዛለች። አንዲት ገጽ አትሞ ሰጠኝና ማሽኗን አሸገ። ማስረጃ እንዳይበላሽ ማንም አይንካት፤ ሙሉ ምርመራው ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለ።

ገጿ ላይ የምትጠቅመኝ አንዲት መስመር ነበረች። ረቡዕ፣ 03:10፣ ትእዛዙን የሰጠው ሃይልኣብ። ከሥሯ ባለሙያው በእጁ ጨምሮበታል፦ «የማሽኑን ሰዓት በ11:05 ከእጅ ሰዓቴ ጋር አመሳክሬ ልክ መሆኑን አረጋግጫለሁ።»

«ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው» አለ ባጫ፣ የሦስት ወር ኮርስ የምስክር ወረቀት ስላለው ኮራ ብሎ። «የፈረንጅ ሦስት ሰዓት ማለት የእኛ ሌሊት ዘጠኝ ነው።»

ልክ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰላማዊ ሰው ይተኛል። የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ወይዘሮ ኣክበረት ማክሰኞ ከጭቅጭቁ በኋላ አዳማ ሄደው አድረዋል፤ ረቡዕ ማለዳ ነው ተመልሰው ቤቱን የከፈቱት፤ የቀረው ሃይልኣብ ነው። ዘበኛውን ጋሽ ደጉን «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሰሙ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም» አሉኝ። መተኛታቸው ነው ብዬ ጻፍኩ።

ባጫ የያዝነውን ዕቃ እየጮኸ መዘገበ፦ «የቁልፍ ሰሌዳ አንድ። ከሥሩ የተገኘ፣ ጽሑፍ የሌለበት ባዶ የካርቶን ቁራጭ አንድ።»

«ባዶ ካርቶን ምን ያደርጋል?»

«ከዕቃው ጋር ነበር፤ ይመዝገብ ብዬ ነው።»

ሃይልኣብን ማታ ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ይዘን ወረድን። አልተከራከረም። ሚስቱ ደሊና እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለችን፤ በእጇ ወገቧን ደግፋለች። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።

«መቼ ይመለሳል?» አለችኝ።

«እናያለን» አልኳት። ይህን ቃል ለስንቱ ብዬዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን አፌ ላይ መረረኝ።

*

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛ ለሁለት ከፍለን ተቀመጥን። ሃይልኣብ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። መነጽሩን እያወለቀ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

«ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

«የይለፍ ቃልህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

መነጽሩን አወለቀ። «የለም።»

«አንድ ቀን በአንድ ጠዋት ድራሹ ይጠፋል ያልከው ምን ለማለት ነው?»

«ቅጂ የለውም ማለቴ ነዋ! አምስት ወር ለመንኳቸው። ዲስኩ ቢቃጠል የአሥራ አራት ዓመት ድምፅ አብሮ ይቃጠላል። ማስጠንቀቄ ነበር፤ ዛቻ አይደለም።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘንበል አለ። «ኢንስፔክተር፣ ማሽኗን ባያት…»

«ታሽጋለች።»

የታተመችው ገጽ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። አላሳየሁትም። ማስረጃን ለተጠርጣሪ ቶሎ አለማሳየት የቆየ ልማዴ ነው፤ በዚህ ልማድ ስንቱን ውሸታም ይዤበታለሁ። ያን ቀን አሳይቼው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ባጫ እየሮጠ መጣ። «ዋሽቶናል! የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ አይቶታል። ሌሊት ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ሲቀረው ብቻውን እየሮጠ ከግቢ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው የተመለሰው።»

ከግቢው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። መርማሪ እንዲህ ሲገጣጠምለት ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን የደሊና ወገብ ትዝ አለኝና ራሴ ሄድኩ።

በሩን ከፍታ ሳትጠይቀኝ ወንበር ሳበችልኝ።

«ደሊና፣ ማክሰኞ ሌሊት ባልሽ ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቷል።» ዓይኔን አየችው። «አልነገረዎትም?»

«ተኝቼ ነበር ነው ያለኝ።»

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አሰማች። «ምጥ መጣብኝ ብዬ ጮህኩበት። በሁለት እግሩ የተለያየ ጫማ አድርጎ መኪና ፍለጋ ወደ ሜክሲኮ መንገድ ወጣ። መኪናውን ይዞ ሲመጣ ምጡ ቀጥ አለ። ሾፌሩን ይቅርታ ብለን ሸኘነው። ለምን እንደዋሸዎት ልንገርዎት? እኔን በምስክርነት ጣቢያ እንዳትጠሩኝ ነው። በዚህ ሆዴ ደረጃ እንድወጣ እንድወርድ አይፈልግም።»

«የሾፌሩ ስልክ አለሽ?»

ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ጠረጴዛው ላይ የክሊኒክ ካርድ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት 2:40 ገብታ 5:00 እንደወጣች፣ ባሏም አብሯት እንደነበረ ነርሷ ጽፋበት ማኅተም አርፎበታል። ጠዋቱ ምን ያደርግልኛል እያልኩ፣ እንዲያው በልማድ ወደ ማስታወሻዬ ገለበጥኩት።

«መቼ ትወልጃለሽ አሉሽ?»

«ዛሬ ነገ» አለች። «አባቱ ከሌለ ማን ደግፎ ያወርደኛል?»

ነገ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሃይልኣብን ፍርድ ቤት አቅርበን የአሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ እንጠይቅበታለን። ማመልከቻውን የምፈርመው እኔ ነኝ። ጣቢያ ስመለስ ባጫ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ምንም ስህተት የለበትም።

«ግማሽ ሰዓት ለመኪና ፍለጋም ይበቃል፣ ለጥፋትም ይበቃል» አለኝ ባጫ።

ልክ ነው። እኔን የከፋኝም ልክ መሆኑ ነው።

*

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ኣክበረት ቃላቸው ላይ እንዲፈርሙልኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ገና አልደረሱም። በሩ ላይ ከጋሽ ደጉ ጋር ቆምኩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰዓት ጠየቁኝ።

«ጋሽ ደጉ፣ ቀጠሮ አለብዎት እንዴ?»

«ኧረ የምን ቀጠሮ! ሰዓት ጠፍቶብኝ ነው እንጂ። እሷ ማሽን ዝም ካለች ወዲህ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ።»

«የቷ ማሽን?»

«ያቺ የታሸገችው ናታ። ሃይልኣብ ለነሸዋዓለም ብሎ ሰዓት መናገር ያስለመዳት ናት። እነሱ ግድግዳ ላይ ሰዓት አያዩም አይደል? ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ትናገራለች። በመስኮቱ ይሰማኛል። አንድ ሰዓት ስትል የግቢውን በር እከፍታለሁ። ስድስት ሰዓት ስትል ምሳዬን ፈትቼ እበላለሁ። የእጅ ሰዓቴን እንኳ ከቆመ ወዲህ አላሠራሁትም።»

«መቼ ነው ዝም ያለችው?»

«ረቡዕ ነዋ። ሦስት ሰዓት ብላ ነበር፤ አራት ሰዓትን ሳትል ቀረች። ወሬ ይዤ ሳልሰማት አልፎኝ ይሆን ብዬ አምስትን ጠበቅኩ። አምስትንም አላለች።»

«ሦስት ሰዓት ያለችው ጠዋት ነው?»

ጋሽ ደጉ በሐዘኔታ አዩኝ። «ታዲያ ተማሪ እየገባ ሌሊት ነው?»

ቆሜ ቀረሁ። ማሽኗ ጠዋት ላይ «ሦስት ሰዓት» ትላለች። ፈረንጅ ያን ጊዜ ዘጠኝ ይል ነበር። ይቺ ማሽን የምትቆጥረው በእኛ ነው!

ገጿን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «በ11:05 ከእጅ ሰዓቴ ጋር አመሳክሬ…» ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ነው። ባለሙያው የመጣው አመሻሹ ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። በፈረንጅ ብትቆጥር ኖሮ ማሽኗ አሥራ ሰባት ሰዓት ማለት ነበረባት። ስልክ ደወልኩለት።

«የእጅ ሰዓትህ በማን አቆጣጠር ነው?»

«በእኛ ነው፤ ምነው?» አለ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። «ወይኔ ኢንስፔክተር!»

ወይኔ ያልነው ሁለታችንም ነን። የጠፋው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሃይልኣብ ማኅተም ባለው ካርድ ምስክርነት ክሊኒክ ውስጥ የሚስቱን እጅ ይዞ ተቀምጧል።

*

ገጿን ሃይልኣብ ፊት አስቀመጥኳት። አንዴ አየና ሳቀ፤ ሁለት ቀን ያልተላጨ ፊቱ ሁሉ ሳቀ።

«ይኼ የሀበሻ ሰዓት ነው! ስትናገር የፈረንጅ ሰዓት እየነገረች ሰዎቹን ግራ ስታጋባቸው፣ ደቡብ አሜሪካ ካለች አንዲት ከተማ ሰዓት ጋር አቀናጀኋት። እዚያ ሰዓቱ ከኛ በስድስት ይዘገያል። እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል እዚያም ሰዓቱ ሦስት ይላል። ማንንም አልጎዳም ብዬ ነው።»

«እኔንና ባጫን ጎድቶናል» አልኩት።

ቀጥሎ የተጻፈውን አነበበ። ጣቱ አንዲት ቃል ላይ ቆመ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«‹አስወግድ› ይላል።»

«እና?»

«ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለ። ‹ከነሥሩ አጥፋ› ቢል ኖሮ የፕሮግራሙን ቅንብር፣ ምናልባትም መጻሕፍቱን ጠራርጎ ይወስድ ነበር። ‹አስወግድ› ግን ፕሮግራሙን ብቻ ነው የሚያነሣው። ዝርዝሩን የሚያሳየው በር ተነቀለ እንጂ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ አልተነካም። ፓኬጁን መልሶ መጫን ነው፤ በቃ። አሉ! መጻሕፍቱ አሉ!»

ባጫ በሩ ላይ ቆሞ «እልልታ ይፈቀዳል?» አለ። ቆይ አልኩት።

«ማን ነው ያስወገደው?»

የሃይልኣብ ፊት ተለወጠ። ገጿን እንደገና አየ፤ የተወገዱትን ፓኬጆች በቅደም ተከተል አነበበ፤ የመጀመሪያው የማሽኗ የድምፅ ፓኬጅ ነው። ያን ጊዜ ገባው። መነጽሩን አወለቀና ብዙ ጊዜ ጠረገው።

«አላውቅም።»

«ሃይልኣብ!»

«የእኔ ጥፋት ነው ብለው ይጻፉ። ስሙ የእኔ ነው።»

ለሁለት ቀን አላደረግኩም እያለ የተከራከረኝ ሰው፣ ነጻ ሊወጣ አንድ እርምጃ ሲቀረው አደረግኩ አለኝ። ሰው እንዲህ የሚሆነው የሚወደውን ሰው ሲሸፍን ነው። ማንን?

«ባጫ፣ ያን ባዶ ካርቶን አምጣልኝ።»

ካርቶኑ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። በዓይን ነጭ ነው፤ አንድም ፊደል የለበትም። አወጣሁትና አውራ ጣቴን በላዩ ላይ ጎተትኩ። ጥቃቅን እብጠቶች፣ በረድፍ በረድፍ። የብሬል ጽሑፍ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በእጃችን ነበር፤ ማንበብ የምንችል ግን አልነበርንም።

*

እትዬ ሸዋዓለም እንደ ረቡዕ ዕለቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ይበሳሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ረቡዕ ጠዋት ማሽኗ ድምፅ አጥፍታ ነበር?»

«አዎ፤ ሦስት ሰዓት እንዳለች ተንተባተበችና ዝም አለች። አንዳንዴ ያማታል። ድምፅ ከሌላት እኔ ደግሞ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም፤ በጆሮዬ ነው የማነባት።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«መድኃኒቷን ሃይልኣብ አስተምሮኛል። አራት መስመር ነው። የድምፁን ፓኬጅ አስወግጄ መልሼ እጭናለሁ።» ፈገግ አሉ። «ስንት ጊዜ አድኛታለሁ መሰለሽ! ረቡዕ ግን ኔትወርክ አልነበረም መሰል፣ መልሳ ሳትነሣልኝ ቀረች። ሃይልኣብ ሲመጣ ያያታል ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ይኼ ጉድ መጣ።»

ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጣቶቻቸው አወቁት።

«የኔ ካርድ ነው። ከቁልፍ ሰሌዳው ሥር ነበር። የት ሄደ ብዬ ስፈልገው…»

«ያነቡልኛል?»

አነበቡልኝ። የመጀመሪያው መስመር የሃይልኣብ ስምና የይለፍ ቃል። ሁለተኛው፣ የድምፁን ፓኬጅ አስወግድ። ሦስተኛው፣ ሲጠይቅሽ «አዎ» በይ። አራተኛው፣ መልሰሽ ጫኚ።

«ሲጠይቅሽ አዎ በይ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

«ከዚህ ጋር እነዚህም እነዚህም ይወገዳሉ፣ ልቀጥል ወይ ይላል አለኝ። ድምፅ ስለሌላት እኔ አልሰማውም። አዎ ነው የምላት።»

«እትዬ ሸዋዓለም፣ እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጠፋው ያልኩዎት ስህተት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው።»

ብረቱ ከእጃቸው ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ። ማንም አላነሣውም።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። አልተንተባተቡም፣ አልተከላከሉም። «ያ ልጅ በኔ ምክንያት ነው የታሰረው። ሌሊት ነው ስትዪኝ እንኳን እኔ አልሆንኩ ብዬ አምላኬን አመስግኜ ነበር።»

«እሱ የእርስዎን ስም አልጠራም።»

«አይጠራም፤ አውቀዋለሁ።» እጄን ፈልገው ያዙኝ፤ የእሳቸው ቀዝቅዟል። «እኔን እሰሪኝ፤ አልቃወምሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዓይነ ስውር ስለሆነች ነው ብለሽ አትጻፊ። ይህን ማሽን እንድንነካ እስኪፈቀድልን ስንት ዓመት ለምነናል። ‹አላልናችሁም?› ይሉናል።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው አምኖልኛል። እንዲህ ብሎ የለመነኝ ግን አልነበረም።

«የማያይስ እኔ ነበርኩ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ካርዱ ባዶ ነው ተብሎ ሲመዘገብ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ይነሡ፤ መጻሕፍቱ አልጠፉም።»

*

ዐቃቤ ሕጉን በስልክ አስረዳሁት። ባለሙያው ባለበት እሽጉ እንዲፈታ ፈቀደ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ሲቀረው ሁላችንም ያቺን ጠባብ ክፍል ሞላናት። ወይዘሮ ኣክበረት ነጠላቸውን ማስተካከል ትተው በእጃቸው ጨብጠውታል። ባለሙያው የእጅ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፍኖታል። ሃይልኣብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እትዬ ሸዋዓለም ከጎኑ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው። «ባለፈው ሳምንት የመጻሕፍቱን ፕሮግራም ሳድስ፣ አዲሱ ያለ ድምፁ ፓኬጅ የማይቆም ሆነ። ድምፁ ሲነሣ እሱም ተከትሎ ይነሣል። ካርድዎን ማስተካከል ነበረብኝ። ልሄድ ነው ብዬ ተጣድፌ ረሳሁት።»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አስነሣት» አሉት።

ጻፈ። መጀመሪያ የድምፁን ፓኬጅ መልሶ ጫነ። ከዚያ የመጻሕፍቱን ፕሮግራም። መስመሮች ወደ ላይ ይሮጣሉ፤ ለእኔ ዝናብ ነው። ከዚያ ቆሙ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

«የድሮውን ቅንብር አግኝታዋለች። እሱን ልያዝ ወይስ እንደ አዲስ ልጀምር ትላለች።»

«አዎ እንዳትላት!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጭንቀት ያለበት ሳቅ። ሃይልኣብ የድሮውን እንድትይዝ ነገራት። ከዚያ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከፈተ። መጀመሪያ ነጭ ገጽ መጣ፤ ነጭ ሆኖ ቆየ። ወይዘሮ ኣክበረት ትንፋሻቸውን ሲይዙ ሰማኋቸው። ከዚያ አንድ ርእስ ብቅ አለ፤ ሌላ፤ አሥር፤ ገጹ ሞላ። ከታች ቁጥሩ ተጻፈ።

«አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ሃይልኣብ፣ ድምፁ እየተሰበረ።

ወይዘሮ ኣክበረት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያለ ሐፍረት አለቀሱ። ባጫም ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ በኋላ ሊያሳምነኝ ሞክሯል። እኔም ሁለት ቀን ትከሻዬ ላይ የተጫነኝ ነገር ሲወርድ ተሰማኝና ግድግዳውን ተደገፍኩ። እንዴት ያለ እረፍት ነው!

ወይዘሮ ኣክበረት ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ። ወደ እትዬ ሸዋዓለም ዞሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማሽን…» አሉና ቆሙ። እትዬ ሸዋዓለም አንገታቸውን ደፉ። «ይህን ማሽን የሚነካ ሰው ሁሉ የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። ከእርስዎ እንጀምራለን። ዲስኩን ደግሞ ዛሬውኑ እገዛለሁ፤ ማንም ይፍቀድ አይፍቀድ። አንተ ልጅ፣ ይቅር በለኝ።»

«አዲስ ካርድ ይጻፉ» አላቸው ሃይልኣብ እትዬ ሸዋዓለምን። ወፍራም ወረቀት አነሡ፤ ብረቱን ባጫ አቀበላቸው። «አስወግድ የሚለውን ይተዉት። ሳያነሣ እዚያው ላይ መልሶ የሚጭን አንድ ትእዛዝ አለ። በሱ ከሆነ ከጎኑ ያለው አይነካም። ‹ልቀጥል ወይ› ብትል ባይሰሙትም ‹አይሆንም› ነው የሚጽፉት፤ ካልተነሣች የሚያይ ሰው ይጥሩ።»

እሳቸው ሲበሱ፣ ማሽኗ ከጠረጴዛው ሥር ጉሮሮዋን የጠረገች መሰለችና በሻካራ ድምፅ ተናገረች፦

«ስድስት ሰዓት።»

ከደጅ ጋሽ ደጉ «ተመስገን! ምሳ!» ብለው ጮኹ።

የጊዜ ቀጠሮ ማመልከቻዬን ቀደድኩት። በምትኩ የጻፍኩት ሪፖርት አጭር ነው፤ ወንጀል አልተፈጸመም፣ ተጠርጣሪው ተለቋል፣ መርማሪዋ የሰዓት አቆጣጠር አላጣራችም ይላል። ዓይነ ስውር የሚል ቃል የለበትም። ሃይልኣብ ምሳ እንብላ ስንለው አልሰማንም፤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እየሮጠ ነበር።

እሑድ ስልኬ ላይ መልእክት ደረሰኝ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። 03:25።»

ለባጫ አሳየሁት። ፊቱ በራ፤ ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ሌሊት ነው ጠዋት?»

እንዲህ ያለውን ነገር ከእንግዲህ በግምት አልጽፍም። ደወልኩ። ሃይልኣብ ሲያነሣ ከኋላው ቀጭን፣ ቁጡ ለቅሶ ይሰማል።

«እንኳን ደስ አለህ። ሦስት ሰዓት ያልከው የማን ነው?»

ሳቀ። «የእኛ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጠዋት ነው። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።»